ብርቱካንን ማብላት

1.

«ቆንጠር አድርገው ብቻ፣ እትዬ የሺ። በቀን አንዴ። ከዚያ እንዳያልፍ አደራ!»

2.

ይህን የምትለው ሰብለ ናት። ልጇን ሶልያናን ይዛ ለዕረፍት ወደ ሐዋሳ ልትሄድ ነው፤ ልጅቷ ቀድማ ወርዳ መኪና ውስጥ ገብታለች። አደራውን የሚቀበሉት ደግሞ የፊት ለፊቱ በር ጎረቤት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ የነበሩ። በሁለቱ መካከል አንድ የመስታወት ገንዳ አለ። ገንዳው ውስጥ አንዲት ወርቃማ ዓሣ አለች። ስሟ ብርቱካን ነው።

«ቢርባትስ?»

«አይርባትም። የሚጎዳት ሲበዛባት ነው። ትርፉ ይበሰብስና ውሃውን ይመርዘዋል።»

«እሺ።»

3.

እሺ።

(ይህ ቃል ብቻውን የቆመው አንባቢ በደንብ እንዲያየው ነው። በአፍ ብቻ የተባለ እሺ ነበር።)

4. ሰብለ ያልሰጠችው መመሪያ

የምግቡን ቆርቆሮ ይክፈቱ። ያሽትቱት። «ሱረት የመሰለ ነገር! ይሄ ደግሞ ምግብ ተብሎ!» ይበሉ።

ቆንጠር አድርገው ይስጡ። ዓሣዋ ወዲያው ትጨርሰዋለች። ከዚያ አፏን ከፈት ከደን፣ ከፈት ከደን ታደርጋለች። «ጨምሩልኝ ማለቷ ነው» ብለው ይተርጉሙ።*

ይጨምሩ። የዳቦ ልብ አርሰው ይድገሙ። ውሃው ላይ ጎንበስ ብለው «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» ይበሉ።

ዓሣዋ እምቢ የማትል እንግዳ ናት። በዚህ ዕድሜዎ እንዲህ ያለ እንግዳ ገጥሞዎት አያውቅም።

* የምትተነፍሰው እንደዚያ ነው።

5.

ወይዘሮ የሺመቤት ክፉ ሰው እንዳይመስሉን። የፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እትዬ የሺ ቤት ከርማ ከስታ ተመለሰች» መባልን። በሽተኛ እንኳ ሳህኑን ሳይጨርስ ከአልጋው አጠገብ ንቅንቅ የማይሉ ሴት፣ ዓሣ አስርበው ስማቸው ሊጠፋ?

የምድር ቤቱ ጋሽ ተካልኝ በተከፈተው በር አንገታቸውን አስግገው፣

«እትዬ የሺ፣ ለሁዳዴ ነው እንዴ የሚያደልቧት?» አሉ።

«ሂድ ወዲያ! ዐይንህን አንሳልኝ!»

ግን ደስ አላቸው። መወፈሯ ታይቷላ።

6. ስልክ

ሰብለ፦ ብርቱካን እንዴት ናት?

የሺመቤት፦ ምን ትሆናለች ብለሽ፤ ተንደላቃ ነው ያለችው።

ሰብለ፦ ምግቡ አልበዛባትም አይደል?

የሺመቤት፦ (ውሃው እንደ አጃ ሾርባ ደፍርሷል።) ኧረ እንዳልሽኝ ነው! ቆንጠር!

ሰብለ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሶልዬ ሰላም ትላለች።

የሺመቤት፦ ሳሚልኝ።

7.

እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ሊጮህባቸው ፈልጎ ነበር። «ውሃው ደፈረሰብኝ፣ ምን ላድርግ?» ቢሉ ሰብለ «ግማሹን ይቀይሩት፣ ምግብ ያቁሙ» ትላቸው ነበር። በቃ። ይኸው ነበር። ግን ያን ለመጠየቅ መጀመሪያ ዳቦ ማብላታቸውን ማመን አለባቸው።

8.

(ቢጠየቁ ኖሮ ወይዘሮ የሺመቤት ይህን ቁጥር ባዶ እንድንተወው ይለምኑን ነበር።)

ሞተች።

9.

በሶፍት ጠቅልለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ቀበሯት። ከዚያ የሠሩትን እንጃ ምን እንበለው፤ ገንዳውን በሎሚና በጨው ፈተጉት። አንዲት የዳቦ ፍርፋሪ አላስተረፉም። ንጹህ ውሃ ሞሉበት። መስታወቱ እንደዚያ አብርቶ አያውቅም። ባበራ ቁጥር የራሳቸውን ፊት አሳያቸውና ጨርቅ ጣል አደረጉበት።

ምሳ አልወረደላቸውም። ወጥ ቤት ቆመው የሚሉትን ተለማመዱ።

«ዕድሜዋ ይሆናል።»

«ብርዱ ነው።»

«የተካልኝ ዐይን ነው!»

የመጨረሻው እሳቸውንም አሳፈራቸው።

10.

መጡ። ሶልያና አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች። ጨርቁን ገለጠች።

ውሃ።

«ሞተች» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። የተለማመዱት ሁሉ ጠፋባቸው።

«ውይ!» አለች ሰብለ። «ውሃውም እኮ ጥርት ያለ ነው። ምን ነካት? እርስዎ ምን ያድርጉ እትዬ፣ አይጨነቁ።»

ሶልያና አላለቀሰችም። እናቷ ሻንጣዋን ልታስገባ ዞር እስክትል ጠበቀች። ከዚያ የአሮጊቷን ነጠላ ጎተተችና ወደ ጆሯቸው ተንጠራራች።

«እማማ፣ ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ። የሄድን ቀን ጠዋት ማብላት ረስቼ ነበር። ርቧት ነው አይደል? የገደልኳት እኔ ነኝ አይደል?»

11.

አንገት ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ወይም ዝም ማለት። ሰብለ አታውቅም፤ ጋሽ ተካልኝ አያውቁም፤ ፍርፋሪ የለም። ጥፋቱን ሳይጠይቋት የምትሸከምላቸው ሰው ተገኝታለች፤ ቁመቷ ወገባቸው ድረስ ነው። ዐይን ዐይናቸውን እያየች ነው።

ወይዘሮ የሺመቤት ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ።

የሺመቤት፦ ሶልዬ፣ ርቧት አይደለም፤ እኔ ነኝ ያበዛሁባት።