ዒድን ይፋግ ለመዋል

ዙህራ ወረታ ከተዳረች ወዲህ ዒድን እናቷ ቤት ውላ አታውቅም። እናቷ ያለችው ይፋግ ነው። በሚኒባስ ቢሄዱ ፀሐይ ሳይበረታ የሚደረስበት ቅርብ አገር ነው። ሩቅ ያደረገባት ብስኩቱ ነው።

የባሏ የአህመዲን እናት እማማ ፈይሩዝ ለዒድ ብስኩት ጋግረው ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም፣ በሰሃን በሰሃን ይልካሉ። ድሮ ሊጡን ክብ አድርገው በሹካ ጫን ማድረግ ብቻ ነበር። ዙህራ የእናቷን ሙያ ይዛ መጣች። የፎገራን ሩዝ አስፈጭታ ከስንዴ ዱቄት ጋር ትቀላቅላለች፤ ሊጡን በጣቷ ወፍና ቅጠል ታደርገዋለች፤ በቀይና በአረንጓዴ ስኳር ታስጌጠዋለች። በመጀመሪያው ዒድ ሰው ሁሉ "የፈይሩዝ ምራት እጇ ይባረክ" ሲል ፊቷ በራ። ያ ምስጋና እግሯን እንደሚያስራት ያኔ አልገባትም።

ይፋግ ልሂድ ባለች ቁጥር የእማማ ፈይሩዝ መልስ አንድ ነው።

"እጅሽ ካልገባበት ማን ይበላዋል? ለሚመጣው ዒድ ትሄጃለሽ።"

የሚመጣው ዒድም ይደርሳል፤ ዙህራም ሊጥ ላይ ናት።

ዘንድሮ ረመዳን ሲገባ አህመዲን "በዚህኛው ዒድ ትሄጃለሽ፤ እማን እኔ አናግራታለሁ" ብሎ ቃል ገባላት። ዙህራ ግን በቃሉ ብቻ አልተማመነችም። የባሏን እህት ሂክማን አጠገቧ አስቀምጣ ወፉን አስተማረቻት። ሂክማ የሠራችው ክንፍ እየተሰነጠቀ ሁለቱም ሳቁ። ዒዱ ሲቃረብ ትሪዎቹ ዳቦ ቤት ሄደው፣ በስለው ተመለሱ። ዙህራ ሰሃኖቹን ደርድራ ሻንጣዋን አዘጋጀች።

በዋዜማው ጠዋት እማማ ፈይሩዝ ፊት ቆመች።

"እማማ፣ ብስኩቱ አልቋል። ሂክማም ለምዳለች። እንግዲህ ይመርቁኝና ልሂድ።"

እማማ ፈይሩዝ አንዷን ወፍ አንስተው አገላብጠው አዩአት።

"ታምራለች" አሉና ሰሃኑ ላይ መለሷት። "ግን አይበቃም። የጎንደር ዘመዶቻችን እንመጣለን ብለዋል። ሌላ አቡኪ። ደግሞስ ምራትሽ የት ሄደች ሲሉኝ ምን ልበል?"

ዙህራ ወደ ባሏ ዞረች። አህመዲን የሱቁን ቁልፍ እያሻሸ "እንግዲህ እማ ካለች… ከዒዱ በኋላ እኔው እወስድሻለሁ" አለና ወጣ።

ማድ ቤት ገባች። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ዱቄቱን ገልብጣ፣ ዘይቱን ጨምራ ማሸት ጀመረች። እጇ እስከ አንጓዋ ሊጥ ውስጥ እንደገባ የከርሞው ዒድ ታያት፤ ከዚያ የሚቀጥለውም። ያው መስኮት፣ ያው ሊጥ። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች፤ ታጠበች፤ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች።

"ወዴት ነው?" አሉ እማማ ፈይሩዝ።

"ይፋግ።"

"ያቦካሽውስ?"

"ሂክማ ትሠራዋለች።"

እማማ ፈይሩዝ አልጮሁም። ድምፃቸው ወረደ። "እኔ እናቴን አገሬ ወንዛዬ ትቼ መጥቼ አንድም ዒድ አብሬያት ሳልውል ነው የቀበርኳት። እኔን ማን ሂጂ አለኝ?"

ቢጮሁባት በቀለላት ነበር። በሩ ላይ ትንሽ ቆማ "ይቅር ይበሉኝ" አለችና ወጣች።

ሚኒባሱ ሜዳውን አቋርጦ ሲሄድ ስልኳ ደጋግሞ ጠራ። አህመዲን ነው። አላነሳችውም።

እናቷ በር ላይ አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ከኋላዋ ወደ መንገዱ ተመለከተች።

"ብቻሽን? አህመዲንስ?"

"ዒድን ካንቺ ጋር ልውል ነው።"

"አማትሽ ፈቅደዋል?"

ዙህራ ጫማዋን አውልቃ ወደ ቤት ገባች። እናቷ ፊቷ ተለወጠ። ብስኩት በሰሃን ሞልታ በጨርቅ ቋጠረች።

"ሳይመሽ መኪና አለ። ይህን እናቴ ላከችልዎ ብለሽ ስጫቸው። ኮበለለች ይሉሻል፤ ስምሽን አታበላሺ፣ ልጄ።"

"እማዬ፣ እዚያ ሂጂ የሚለኝ የለም፤ እዚህ ተቀመጪ የሚለኝ የለም። የት ልሁን?"

ዙህራ ቋጠሮውን ከእጇ ተቀብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ ሻንጣዋንም ከአልጋው ሥር ገፋችው።

"ዛሬ አልመለስም።"

ጨረቃ ታየች፤ ዒድ ሆነ። ዙህራ ጠዋት ከእናቷ ጋር ለሶላት ወጣች፤ ሲመለሱም ብስኩቱን ለጎረቤት አደሉ። ያም ሆኖ በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለቱም ደንገጥ ይሉ ነበር። በነጋታው አህመዲን መጣ። አልተቆጣም፤ ሻንጣዋን ይዞ ወደ ወረታው ሚኒባስ ቀድሟት ሄደ።

እማማ ፈይሩዝ ሰላምታዋን ተቀበሏት፤ የእናቷን ደህንነት አልጠየቁም። ሂክማ ማድ ቤት ጎትታ አስገባቻትና "የተሰነጠቀውንም ሰው በላው፤ ማንም ምንም አላለ" አለቻት በሹክሹክታ። ዙህራ ሳቅም እንባም መጣባት።

ማታ ገበታው ሲነሳ እማማ ፈይሩዝ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

"ለአረፋ ግን አትሄጂም።"

አህመዲን መሬት መሬት አየ። ዙህራ የሰበሰበቻቸውን ሰሃኖች እንደያዘች ቆመች።

"ለአረፋ ስንደርስ እንነጋገራለን፣ እማማ" አለች።