ሽማግሌዎች ያነሱት ካምቢዮ

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቼ ነጭ በነጭ ለብሰው መቱ ያለው ግቢያችን ሲደርሱ ሚኒባሷ አራት ግንድ ላይ ተቀምጣ፣ ካምቢዮዋ ከሥሯ ጆንያ ላይ ተጋድሞ፣ እኔም ከካምቢዮው ጎን በጀርባዬ ተንጋልዬ አገኙኝ።

"ሙሽራው ተኝቷል" አሉ ኦቦ ሁንዴሳ ጎንበስ ብለው እያዩኝ።

ኦቦ ሁንዴሳ ያዮ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። አብረዋቸው የመጡት ኦቦ ኩምሳ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ሦስተኛው የሚኒባሷ ባለቤት አጎቴ ጋሼ ሸጋው ናቸው። ሦስቱ ኖፓ ሄደው ኦቦ ደቅሲሳን "ጊፍቲን ለልጃችን ስጡን" ሊሉልኝ ነው። ቀጠሮው አምስት ሰዓት ነው። ጊፍቲ በስልክ አስጠንቅቃኛለች፦ "በሚቀጥለው እሑድ ከኡካ ሌሎች ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አባቴ ደግሞ ቀጠሮ የሚያፈርስ ሰው ደጁን እንዲረግጥ አይፈልግም።"

ካምቢዮው ማርሽ አልቀበል ያለው ረቡዕ ነው። ጋራዡ በቡና ጫኝ መኪኖች ተሞልቷል፤ የሚከራይ መኪና ሁሉ ቡና ለቀማ ወርዷል። "እኔ እቀይረዋለሁ" ያልኩት ያኔ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ ሰው ፊት እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

አሮጌውን ማውረድ ቀላል ነበር። ችግሩ ከጅማ የመጣውን ማስገባቱ ነው። ከካምቢዮው ፊት የሚወጣው ዘንግ በፍሪሲዮኑ ሸራ መሀል ባለው ጥርስ ውስጥ ልክ መግባት አለበት። እኔ ግን ቅዳሜ ሸራውን ሳስር ሐሳቤ ኖፓ ነበር፤ መሀሉን ሳልጠብቅ አሰርኩት። ጠዋት ፈትቼ፣ መሀሉን የሚጠብቅ ዱላ ከቡና እንጨት ጠርቤ፣ አስተካክዬ እንደገና አሰርኩ። አሁን ክሪኩ ካምቢዮውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያቃናውም። ሁለት ጣት ሲቀረው ይቆማል።

"በቡሎኑ አጥብቀህ ሳበው" አሉ ጋሼ ሸጋው።

"የካምቢዮው ቤት ይሰነጠቃል፣ ጋሼ።"

"እንግዲያ በእግራችን እንሂድ?"

ኦቦ ሁንዴሳ ነጠላቸውን አውልቀው ለኦቦ ኩምሳ አሸከሙና ቤታቸው ገብተው ቀፎ የሚሰቅሉበትን ገመድ ይዘው ተመለሱ። "ቀፎ ዛፍ ላይ ሲወጣ አይገፋም። ይንጠለጠላል፣ ይወዛወዛል፣ ቦታውን ራሱ ያገኛል። ይሄ መኪና ከላይ ቀዳዳ የለውም?"

ነበረው። የፊት ወንበሩን አንስተን የሞተሩን ክዳን ከፈትን። ጋሼ ሸጋው በሁለቱ የፊት በሮች መስኮት አጣና አሳለፉ፤ ገመዱ በአጣናው ላይ ዞሮ ካምቢዮውን አቀፈ። ኦቦ ሁንዴሳ ገመዱን ያዙ። ኦቦ ኩምሳ ነጠላውን አጥር ላይ ሰቅለው ከኋላ በኩል ተኙና የካምቢዮውን የኋላ ዘንግ በእጃቸው ማዞር ጀመሩ።

"መምህር፣ ሱሪዎ" አልኳቸው።

"አንተ ሥራህን ሥራ። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ያልነካው ሱሪ ነበረኝ እንዴ?"

"ሱታ፣ ሱታ!" ይላሉ ከላይ ኦቦ ሁንዴሳ፣ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። ካምቢዮው እንደ ሕፃን ተወዛወዘ። ከዚያ አንዳች ነገር እሺ ሲል በእጄ ተሰማኝ፤ የሁለት ጣቱ ክፍተት ጠፋ።

ቡሎኖቹን አጥብቄ፣ የቀረውን ሁሉ ገጥሜ፣ ዘይት ሞልቼ ስጨርስ አራት ሰዓት ሆኗል። ልብስ የሚቀየርበት ጊዜ አልነበረም።

"ማን ይነዳል?" አሉ ጋሼ ሸጋው።

"ሽማግሌ መሪ ጨብጦ ለልመና አይደርስም" አሉ ኦቦ ኩምሳ። "ይሄው ይንዳ። አንተ ግን እዚያ ሾፌር እንጂ ሙሽራ አይደለህም፤ ከመኪናው እንዳትወርድ።"

ኖፓ ስንደርስ ለአምስት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ይቀራል። ሦስቱ በር ላይ ተደርድረው ቆሙ፤ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። ኦቦ ደቅሲሳ ወጥተው ሰላም ሊሉ እጃቸውን ዘረጉና የሽማግሌዎቹን ጥቁር መዳፍ፣ ዘይት የጠገበ ነጭ ልብሳቸውን አዩ። ኦቦ ኩምሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሁሉንም ነገሯቸው። ከመስኮቴ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

ኦቦ ደቅሲሳ ወደ እኔ መጡ። "ካምቢዮውን የፈታኸው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ለልጁ ምኑ ነህ?"

እንዳልወርድ እንጂ እንዳልናገር አልተባልኩም። "ራሴ ነኝ።"

በመኪናዋ ፊት ዞሩ። ከዚያ በሩን ከፍተው ከጎኔ ተቀመጡ። "እስኪ ዳገቱን አውጣት።"

አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ካምቢዮው ድምፅ አላሰማም። ስንነሳ ከኋላችን ኦቦ ሁንዴሳ "ለማኞቹ እኛ ነን፣ የሚሄዱት እነሱ" ሲሉ ሰምቼ ነበር።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ኦቦ ደቅሲሳ ስልካቸውን አወጡ። "የኡካዎቹ በከንቱ እንዳይደክሙ ልንገራቸው" አሉና ቁጥር እየፈለጉ "አዙር፣ ልጄ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ ገብተው ይቀመጡ" አሉኝ።

ወደ ኋላ ማርሽ አስገባሁ። ገባ።