መብራት ሄዶ ሲመጣ የማን መስኮት ይከፈታል

መጣ! እናንተዬ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የአቢጋኤል መስኮት ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ተመልሶ መጣ! የሆሴዕ ደግሞ... ቆይ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ይነገራችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከመሃል አይነገርም!

አቢጋኤል የሆሳዕና ልጅ ናት፣ አስራ አንደኛ ክፍል። ቅዳሜ ዱራሜ ላይ የተማሪዎች የፈጠራ ኤግዚቢሽን አለ፤ ከኮምፒውተር ክበባቸው የሚሄደው ግን አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። አንድ! የቀሩት እሷና ሆሴዕ ናቸው። ሁለቱም የሠሩት ተመሳሳይ ነው፤ ትንሿ መስኮት ላይ የሀዲይኛ ቃል ትመርጣላችሁ፣ ትልቋ መስኮት ላይ አማርኛው ይመጣል። የሆሴዕ ግን ሥዕልም ድምፅም አለው። ድምፁን ሞርሲቶ ድረስ ሄዶ ወንድ አያቱን ነው የቀረጸው። ማማሩን አቢጋኤልም አትክድም። ግን "የኔ ይበልጣል" ባይ ናት፣ ደግሞ አልተሳሳተችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስኮቶቹ እርስ በርስ መልእክት የሚላላኩት በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። የመልእክቱን ስም፣ "የተመረጠው ቃል" ብላችሁ ስትሰጡት ላይብረሪው፣ ማለት ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ዝግጁ ኮድ፣ ቁጥር ይመልስላችኋል። ቁጥሩን ስትሰጡት ደግሞ ስሙን ይነግራችኋል። የአቢጋኤል ፕሮግራም ሁሌ ሲነሳ ስሙን ሰጥቶ ቁጥሩን እንደ አዲስ ይጠይቃል። ሆሴዕ ግን አንዴ ጠየቀ፣ 412 ተባለ፣ በቃ! 412ን ኮዱ ውስጥ ጻፈው።

"አንቺ ልጅ፣ ጠዋት ስትነሺም ስሜ ማነው ብለሽ እናትሽን ትጠይቂያለሽ?" እያለ ይፎግራታል።

"አንተ ደግሞ ቁጥር ሸምድደህ ሙት!"

ለምን እንዳልገባው ታውቃላችሁ? አባቱ ሶላር ይሸጣሉ! እነሱ ቤት መብራት ጠፋ የሚባል ነገር የለም፣ ኮምፒውተሩም አንዴ ከተከፈተ ተከፈተ ነው። እነ አቢጋኤል ቤት መብራቱ የሚሄደው ደስ ባለው ሰዓት ነው። እሷም መጀመሪያ ቁጥሩን ጽፋው ነበር እኮ! መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ተበላሽቶባት ትራሷን ነክሳ አለቀሰች። ያኔ ነው የገባት፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ያድላል።

የምርጫው ቀን ክፍሉ ጢም አለ። የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ጥላዬ ፊት ተቀመጡ። ሁለቱም ፕሮግራሞች በክበቡ ኮምፒውተር ታዩ፤ እዚያም በዕድል ያው 412 የወጣለት የሆሴዕ ፕሮግራም ያወራል፣ ሥዕል ያሳያል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ቲቸርም "እንግዲህ አሸናፊው..." ብለው ሳይጨርሱ ድርግም! መብራት ሄደ።

ሲመጣ የሆነውን ሰምታችኋል። የአቢጋኤል ወዲያው ሠራ። የሆሴዕ ትልቋ መስኮት ግን ባዶዋን ተገተረች፣ ቢነካካት ቢነካካት ወይ ፍንክች! "ሆሴ፣ ምሳዋን አብላት!" እያሉ ሳቁበት። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አስር ደቂቃ ልስጥህ" አሉት ቲቸር። "ካስተካከልከው ሁለታችሁንም እንደገና አያለሁ። ካልሆነ አቢጋኤል ትሄዳለች።"

ዝም ብትል አለቀ፣ ዱራሜ በእጇ ነበር! ግን አቢጋኤል ዝም ማለት መቼ ታውቅበታለች? ደግሞ የእኚያ ሽማግሌ ድምፅ ሳይሰማ ሊቀር ነው። ጠጋ ብላ በሀዲይኛ አንሾካሾከችለት። ቲቸር የአንጋጫ ሰው ናቸው፣ ሀዲይኛ አይሰሙም።

"412ን ስምህ ማነው በለው።"

ሆሴዕ ጠየቀ። ላይብረሪው ሌላ ስም መለሰለት፣ የማያውቀው።

"ወይ ጉድ! ማን ወሰደብኝ?"

"ማንም አልወሰደብህም፣ ሞኙ! ቁጥሩን አጥፋና በስሙ ጠይቅ።"

አጠፋ፣ ጠየቀ፣ አዲስ ቁጥር መጣ፣ አያቱም መናገር ጀመሩ። ጭብጨባ!

"ጎበዝ! ስህተቱን ማን አገኘው?" አሉ ቲቸር።

"ራሴ" አለ ሆሴዕ።

ራሴ! ሰማችሁት አይደል? የአቢጋኤል ጆሮ ጋለ። ግን አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተነሳችና "ቲቸር፣ እንግዲያው ቁጥሩ ለምን እንደተቀየረ ይንገረን" አለች፣ ኮራ ብላ።

"ያው... መብራቱ ሲመጣ... ኃይሉ በዝቶበት..."

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"አንቺስ ታውቂያለሽ?" አሏት።

"ጤና ጣቢያ ተራ እንደመያዝ ነው፣ ቲቸር። ትናንት ሰባት ቁጥር የኔ ጓደኛ ርብቃ ነበረች እንበል። ዛሬ ሰባት ቁጥር ብለው ቢጠሩ ሌላ ሰው ነው የሚገባው። ርብቃን ከፈለጉ ስሟን ይዘው የዛሬ ቁጥሯን መጠየቅ አለብዎት።"

ቲቸር ሆሴዕን አዩት፣ እሷን አዩዋት። ስህተቱን ማን እንዳገኘው ገባቸው።

"የምትሄጂው አንቺ ነሽ" አሉ። እልል! "አንድ ረዳት መያዝ ትችያለሽ። ማን እንደሆነ ነገ ጠዋት ንገሪኝ።"

ስትወጣ ሆሴዕ በሩ ላይ ቆሟል።

"አቢ፣ አፌ ቀደመኝ። ዋሸሁ። እኔን ባትወስጂኝም የአያቴን ድምፅ ውሰጂው፤ ዱራሜ ላይ ይሰማ።"

"አስብበታለሁ" አለችው፣ ቀና ብላ።

ርብቃ "ድምፁን ውሰጂ፣ እሱን ተይው!" ትላለች። ልክ ናት፤ ዋሽቷል። ግን ደግሞ ይቅርታ ሲላት ዓይኑን አላሸሸም። እንግዲህ እስከ ጠዋት ነው ያላት። እናንተ ብትሆኑስ፣ በእናታችሁ፣ ሆሴዕን ይዛችሁት ትሄዱ ነበር ወይስ የአያቱን ድምፅ ብቻ?