አንበሶቹን ሦስቴ የዞረ አበልጅ

በፋሲካ ማግስት ሰኞ የደቡብ ጣሊያኗ የፑሊያ ሰው ሁሉ ምሳውን ይዞ ከቤቱ ሲወጣ ኦሮንዞም ወጣ። የወጣው ግን እንደ ሰው አይደለም፤ እንደ ጭነት መኪና ነው። ሁለቱ ትሪ ፓስታ አልፎርኖ፣ የበጉ ጥብስ፣ እሸት ባቄላውና አይቡ፣ የወይን ጠጁ ደምጃን ሳይቀር በእሱ አሮጌ ነጭ መኪና ላይ ተጫነ።

«ያንተዋ ብትሸት ምንም አይደል፣ አጎቴ» አለው የእህቱ ልጅ ዶናቶ፣ ትሪውን እያቀበለው።

የዶናቶ መኪና አዲስ ናት፣ ወንበሯም ቆዳ ነው። እሷ ላይ የተቀመጡት ዶናቶና ሚስቱ ኢላሪያ፣ ገና ጡት የሚጠባው ልጃቸው፣ እንዲሁም ለበዓሉ ከቶሪኖ የመጣው የኢላሪያ ወንድም ፋውስቶ ናቸው። ለኦሮንዞ የደረሱት ትሪዎቹና አሮጊቷ አክስቱ ኑንዚያታ ናቸው።

ኦሮንዞ ይህን ሁሉ ዋጥ አደረገው። ሲውጥ የኖረ ሰው ነው። ደግሞ ዛሬ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። በእነሱ አገር ለሙሽሮች ቀለበት የገዛ ሰው የበኩር ልጃቸውን ክርስትና ያነሳል። በወረቀት አልተጻፈም፤ ከተጻፈው ግን ይጠነክራል። የዶናቶን ቀለበት የገዛው ኦሮንዞ ነው። ከዚያም በፊት እህቱ ስትሞት ዶናቶን ቤቱ አስገብቶ፣ ከወይራ ገረዛ በሚያገኛት አብልቶ ያሳደገው እሱ ነው። የልጁ ክርስትና ለመጪው እሁድ ተቆርጧል። ጾሙን ሙሉ ጠበቀ፤ «ክርስትና አንሳልኝ» ያለው የለም። ዛሬ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ስለሚገናኝ ይጠይቀኛል ብሎ፣ በዚያ ፀሐይ ጥቁር ኮቱን ለብሶ መጣ። ኮቱ የእህቱ ቀብርና የዶናቶ ሰርግ የተዋለበት ነው።

ምሳውን የሚበሉት አራዊት በሚታዩበት ግቢ ነው፤ አራዊቱ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአጥር በተከለለ ሰፊ የወይራ ደን ውስጥ ነው። ሰው ከመኪናው ሳይወርድ በመሀላቸው እየነዳ ያያቸዋል። በር ላይ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ጎረምሳ ቆሞ፣ ለሚገባው ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንባል።

«መስኮት መክፈት ክልክል ነው። መውረድ ክልክል ነው። ክላክስ ማድረግ ክልክል ነው። ትኬቱ ቀኑን ሙሉ ያስዞራል፣ ደስ ካላችሁ ደግማችሁ ዙሩ።»

«መተንፈስስ?» አለ ኦሮንዞ።

«በአፍንጫ ከሆነ ይቻላል፣ አባባ።»

አባባ መባሉንም ዋጠው።

ዶናቶ ደወለ። «አጎቴ፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ እንዳንጠፋፋ መስመሩን ክፍት አድርገው።» ኑንዚያታ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ትንሽ እንደሄዱ ሁሉም ረሱት።

የመጀመሪያው ግቢ የአንበሶቹ ነበር። መኪኖቹ አንዱ የሌላውን ጭራ እየተከተሉ ይሳባሉ። አንበሶቹ ከወይራው ጥላ ሥር ሆዳቸውን ለሰማይ ሰጥተው ተኝተዋል። አንዱ ዓይኑን በከፈተ ቁጥር ከየመኪናው የስልክ መዓት ይደቀናል።

«እዚሁ ነው የተወለደው» አለ ኦሮንዞ። «አባቱም እዚሁ። አፍሪካ በየት በኩል እንደሆነች አያውቅም። ሥጋው በሰዓቱ ይመጣለታል፣ ይተኛል፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ተሰልፎ ያየዋል። እኔ ይህን የመሰለ ወይራ ስገርዝ ዕድሜዬን ስጨርስ ማን መጥቶ አየኝ?»

«አንተ ጎፈር የለህ» አለች ኑንዚያታ።

በዝግታ ሲነዱ የአሮጌዋ መኪና ሞተር ይግላል። መድኃኒቱን ያውቃል፤ የክረምቱን ማሞቂያ ከፍቶ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ መሳብ ነው። ከፈተው። ትኩስ አየር ፊታቸው ላይ ነፈሰ፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ በግና አይብ በግና አይብ ሸተተ። ኮቱን ግን አላወለቀም።

ስልኩ የተናገረው ይኼኔ ነው። የፋውስቶ ድምፅ ነበር።

«ምን ላድርግ? አባ ቪቶ እምቢ አሉ። ‹የመጀመሪያ ሚስትህ በሕይወት እያለች በማዘጋጃ ቤት ሌላ አግብተሃል፣ ክርስትና አታነሳም› አሉኝ። እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ሰው ፊት።»

«ቶሪኖ ቢሆን ማንም አይጠይቅህም ነበር» አለች ኢላሪያ። «አሁን ከየት ሰው እናምጣ? እሁድ እኮ ደረሰ።»

ከዚያ ዶናቶ፣ «አጎቴ አለ» አለ።

«አጎትህ? በዚያ ኮቱ? ፎቶው ላይ ልጄን ታቅፎ አስበው…»

«ኮት እናውሰዋለን» አለ ፋውስቶ። «እምቢ ቢልስ?»

«እዚህ አገር ክርስትና አንሳ ተብሎ እምቢ አይባልም» አለ ዶናቶ። «ምሳ ከበላን በኋላ ጣል አደርግበታለሁ። ደስ ነው የሚለው።»

አንዲት አንበሳ በመኪናዋ ፊት መንገዱን ተሻገረች። ኦሮንዞ አላያትም። ደስ ነው የሚለው። መኪናው ውስጥ ካለው ሙቀት የበለጠ ያቃጠለው ይህች ቃል ናት። ለውሻ አጥንት ሲጥሉ የሚባል ነው።

ኑንዚያታ በጣቷ ስልኩን ፈልጋ ዘጋችው።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ዋጠው እንግዲህ።»

«አሁንስ አንገቴ ደርሷል።»

ቢሆንለት በሩን በርግዶ ወርዶ፣ ያችን የቆዳ ወንበር መኪና በጡጫ በመታ። መውረድ ክልክል ነው። ጥሏቸው እንዳይሄድ መንገዱ አንድ መስመር ነው። ክላክሱን ተጭኖ ንዴቱን እንዳይወጣ እሱም ክልክል ነው። በነብሮቹ በኩል፣ በድቦቹ በኩል፣ በሜዳ አህዮቹ መሀል የሰደቡትን ሰዎች ኋላ ኋላ እንደ ጋሪ እየተከተለ ሄደ። በፊተኛው መኪና የኋላ መስታወት ፋውስቶ ዞሮ እጁን አውለበለበለት።

«ቢጠይቅህ እምቢ አትልም» አለች ኑንዚያታ። «የቅዱስ ዮሐንስ ነገር ነው፤ አበልጅነትን የሚጠብቀው እሱ ነው። አባትህም እምቢ አላለም፣ አያትህም። እምቢ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ያ አናጢው። ወዲያው ዓይኑ ጠፋ።»

«የአናጢው ዓይን የጠፋው በእንጨት ፍቅፋቂ ነው።»

«ፍቅፋቂውን ማን ላከው?»

ኦሮንዞ መሪውን ጨብጦ አሰበ። ከተጠየቀ እሺ ማለቱ አይቀርም፤ ቅዱስ ዮሐንስን አይደፍርም። እሺ ካለ ደግሞ ጣል ያደረጉበትን አንስቶ በላ ማለት ነው። «ካልጠየቀኝ ግን እምቢ አላልኩም» አለ።

መንገዱ መጨረሻው ላይ ሁለት ይሆናል። ቀኙ ሰው ምሳውን ወደሚበላበት የጥድ ጥላ ይወስዳል፣ ግራው ወደ በሩ መልሶ እንደገና ያስዞራል። ዶናቶ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ኦሮንዞ ፓስታውን፣ በጉን፣ ባቄላውን፣ ወይን ጠጁንና አክስቱን ይዞ ወደ ግራ ታጠፈ።

ስልኩ ጮኸ። «ይጮኻል» አለች ኑንዚያታ።

«ይጩኽ።»

«መስኮቱ እንደተዘጋ አይጠይቅህም፣ ያልከው ይኼን ነው?»

«ይኼንኑ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ትኬቱ ቀኑን ሙሉ ነው።»

በሁለተኛው ዙር ግመል ራሱን መንገዱ ላይ አጋድሞ አቆማቸው። ሰጎን መጥታ የጎን መስታወቱን ጠቅ ጠቅ አደረገች። ኦሮንዞ ለሁሉም እየተናገረ ይነዳ ነበር። ስለ ሰርጉ፤ ቀለበቱን የገዛ ሰው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ከፎቶ አንሺው ጋር መቀመጡን። ስለ ገና፤ ለፋውስቶ ባለ እግር ብርጭቆ፣ ለእሱ የውሃ ብርጭቆ መቅረቡን። ኑንዚያታ ከኋላ ወንበር ትሪውን ስባ በማንኪያ ከዳሩ ጀምራ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አንተ ተናደሃል። እኔ ርቦኛል። ሁለታችንም ሥራችንን እንሥራ።»

በጥዱ ጥላ አጠገብ ሲያልፉ ከአጥሩ ወዲያ አራቱን አያቸው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ የጠረጴዛ ልብስ ዘርግተው ሹካና ሳህን ደርድረው ተቀምጠዋል። ዶናቶ ተነስቶ ሁለት እጁን አወዛወዘ። ኦሮንዞ ወደ ግራ ታጠፈ።

በሦስተኛው ዙር፣ በአንበሶቹ ግቢ መሀል፣ የሙቀት መቁጠሪያዋ ቀዩን አልፋ ሄደች። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ፣ ሞተሩ አንዴ አስሎ ጠፋ። እዚያው ቆሙ። የተኙት አንበሶች ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ያችው መንገድ የተሻገረችው አንበሳ ቀስ ብላ መጣችና ከኋላ በኩል፣ በጉ ባለበት፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። ከዚያ መስታወቱን በምላሷ ከታች እስከ ላይ ላሰችው።

«ይቺም ምሳ አላገኘችም» አለች ኑንዚያታ።

የጠባቂዎቹ ጂፕ በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ መጣ። «ነጩ መኪና፣ እንዳትወርዱ። ሌሎቻችሁ በግራ እለፉ።» ያለፈው ሁሉ ስልኩን ወደ ኦሮንዞ ደቀነ። ያን ቀን ከአንበሶቹ ይልቅ ፎቶ የተነሳው እሱ ነው፤ በጥቁር ኮት፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ወደ ፊት እያየ። ጂፑ አንበሳዋን ገፍቶ አራቃትና አንዱ ጠባቂ ገመዱን አሰረ። ኦሮንዞን ጎትተው፣ ለመሄድ ካልፈለገበት ቦታ፣ ከጥዱ ሥር አደረሱት።

ዶናቶ ልጁን ታቅፎ እየሮጠ መጣ። ፋውስቶና ኢላሪያ ከኋላው ናቸው። ኦሮንዞ መስኮቱን አልከፈተም። ዶናቶ በመስታወቱ በኩል ጮኾ፣ «አጎቴ፣ ምን ሆንክ? አስደነገጥኸን» አለ።

ኦሮንዞ ወደ ፊት እያየ መሪውን አልለቀቀም። ኑንዚያታ በእሷ በኩል ያለውን መስኮት አወረደችና፣ «ይሰማል። ያለህን ተናገር» አለች።

ዶናቶ ዞሮ በእሷ በኩል ጎንበስ አለ። ጠባቂው ገመዱን እየፈታ፣ ሌሎች ቤተሰቦች ሹካቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። «አጎቴ፣ ከምሳ በኋላ ልልህ ነበር። እሁድ ልጄን ክርስትና አንሳልኝ።»

«መጀመሪያ የጠየቅኸው ማንን ነው?»

«አንተን ነዋ። ካንተ ሌላ ማን አለኝ?»

«ስልኩ ክፍት ነበር።»

ፋውስቶ ጫማውን ማየት ጀመረ። ኢላሪያ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰችና የተስተካከለውን ሳህን ታስተካክል ጀመር። ዶናቶ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ሕፃን ሆኖ ወይን ጠጅ ሰርቆ ሲያዝ እንደሚቀላው።

«ሁሉንም ሰማህ?»

«ኮቱንም።»

ዶናቶ ልጁን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። የጠየቀውን ግን መልሶ ሊወስደው አይችልም፤ ቃሉ ወጥቷል።

ኦሮንዞ በሩን ከፍቶ ወረደ። ኮቱን ቆለፈ። «ተጠይቄያለሁ» አለ። «እምቢ አይባልም። አነሳዋለሁ። በዚሁ ኮት ነው የማነሳው። ፎቶውም ላይ መሀል እቆማለሁ፣ የቶሪኖው ሰውዬ ከዳር። ለቀለበቱ ብዬ ነው፣ ለእናትህ ብዬ ነው። ላንተ ብዬ አይደለም።»

«እሺ፣ አጎቴ።»

«አበልጄ በለኝ። ከእሁድ ጀምሮ እሱ ነኝ።»

ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ ትሪዎቹን አንድ በአንድ አወጣ። አንደኛው ግማሹ የለም። «አንበሳዋ አልነካችውም» አለ። «አክስትህ ናት።»

እነሱ ሊበሉ ተቀመጡ። እሱ ወደ ጠረጴዛው አልሄደም። እንፋሎት ከሚተፋው ኮፈን አጠገብ፣ የመኪናው የፊት መከላከያ ብረት ላይ ቁጭ ብሎ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። ኑንዚያታ በሳህን ፓስታ ይዛለት መጣች።

«ብላ።»

«አልበላም።»

«እየቀዘቀዘ ነው።»

«ይቀዝቅዝ።»

ሳህኑን አጠገቡ አስቀምጣ ተመለሰች። ኦሮንዞ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ከወዲያ አንበሶቹ ሥጋቸው በሰዓቱ መጥቶላቸው ይበሉ ነበር።