ዛፍ የሆነው ቤታችን

አባዬ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚሠራውን ግንባታ ሲጠላው፣ ልሙት፣ እንደሱ የሚጠላ ሰው የለም! ድሮ የሳሙና ፋብሪካ የነበረበት ግቢ ነው። ፋብሪካው ፈርሶ አሁን አምስት ሕንጻ ሊሆን ነው፣ እያንዳንዱ አስራ ስምንት ፎቅ፣ ከሥር ሱቅ፣ ሲኒማ፣ የመዋኛ ገንዳ። ገንዳ! ከበራችን ሦስት ደቂቃ! እኔ በደስታ ልፈነዳ ነው። አባዬ ግን ቁርስ ላይ "አቧራው! ጩኸቱ! ፀሐያችንንም ሊወስዱብን ነው!" እያለ ጠረጴዛውን ይደበድብና ሻዩን ይዞ ኩሽናው ጣሪያ ላይ ይወጣል።

ለምን መሰላችሁ? ክሬኑን ሊያይ!

እዚያ ላይ ወንበር ሠርቶ አስቀምጧል እኮ፣ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ያለው። አናጺ ነው አባዬ፤ ቤታችንንም በገዛ እጁ ነው የሠራት። ከጣሪያው ሲወርድ ፊቱ በርቶ "ዛሬ አንድ ፎቅ ጨመሩ!" ይላል፤ ከዚያ ትዝ ይለውና "የማይረቡ!" ይላል።

እማዬ አንድ ቀን "አንተ ሰውዬ፣ ጠልተኸዋል ወይስ ወደኸዋል? ለይልኝ" አለችው።

"ጠልቼው ነው የምከታተለው" አላት።

ባለፈው ሰኞ የሠፈሩ ሰው በሙሉ አስተያየት እንዲሰጥ ፕሮጀክቱ አዳራሽ ተጠራ። አባዬ አራት ገጽ ተቃውሞ ጽፎ ነበር። መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመድ ሰምቼው ትራስ ነክሼ ነው የሳቅኩት።

አብረውን ጎረቤታችን እትዬ ሜትር መጡ። ስማቸው አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ሜትሩ ካንገታቸው ወርዶ አያውቅም። እሳቸውና አባዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በበረንዳችን ይነታረካሉ። እሳቸው "በረንዳህ ግቢዬ ገብቷል" ይላሉ፣ እሱ "አንዲት ፀጉር ታህል አልገባም" ይላል። እውነት ለመናገር አጥሩ በረንዳችን ጋ ሲደርስ ትንሽ ሆዱን ያወጣል። አባዬን ስጠይቀው "ዓይንሽ ነው የተጣመመው" አለኝ። የድሮው የድንበር ችካል የት እንደነበረ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሁለቱ ደግሞ አይስማሙም።

አዳራሹ መሃል ሞዴሉ ተዘርግቷል። ውይ ሞዴሉን ብታዩት! መብራቱ ይበራል፣ ገንዳው ሰማያዊ ነው፣ የጥፍሬን ግማሽ የምታክል ውሻ የሚጎትት ሰውዬ ሁሉ አለ። አባዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጎንበስ ብሎ የሕንጻዎቹን መገጣጠሚያ መረመረና በጆሮዬ "የሠራው ሰው ጎበዝ ነው" አለኝ፣ ሌብነት እንደሚናዘዝ ሰው።

ከዚያ በጣቱ መንገዳችንን ፈለገ። ከፋብሪካው በር ወደ ግራ... ዳቦ ቤቱ... መታጠፊያው... ጣቱ ቆመ።

"ቤቴ የታለ?"

ቤታችን መሆን ያለበት ቦታ ላይ ዛፍ ቆሟል። ክብ፣ አረንጓዴ፣ የስፖንጅ ዛፍ!

የፕሮጀክቱ አርክቴክት ሮጣ መጣች። ወጣት ናት፣ የጆሮ ጌጧ ደግሞ፣ በናታችሁ፣ እንደዚያ ዓይነት ከየት ነው የሚገዛው? "ጋሼ፣ ዙሪያውን ለማሳመሪያ ያህል በአረንጓዴ ነው የሸፈንነው" አለችው።

"እኔ ነኝ አረንጓዴው?"

"የኔ ቤት ቦታ ላይ ቀይ መኪና አቁመዋል" አሉ እትዬ ሜትር አንገታቸውን አስግገው። "እኔስ አልከፋኝም።"

እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኛል። አባዬ ግን አራቱን ገጽ አጥፎ ኪሱ ከተተ። "የኔ ልጅ" አላት፣ "እዚህ ዛፍ የሆነ ቤት ነገ እዚያም ዛፍ ነው የሚሆነው። ጥላው ማን ላይ እንደሚወድቅ፣ መንገዱ የማንን በር እንደሚነካ ከዚህ ላይ ማን ያያል?"

ሳቄ ቆመ። እውነቱን ነው እኮ!

አርክቴክቷ ቀላች። "እውነትዎን ነው ጋሼ። ፕላኑን የሚያጸድቁት ሰዎች የሚያዩት ይሄንን ሞዴል ነው፤ ዓርብ ይታሸጋል። በአንድ ለመቶ ልክ ሠርተው እስከ ዓርብ ካመጡልኝ ዛፉን ነቅዬ ቤትዎን አቆማለሁ።"

ከዚያ በኋላ ያሳለፍነውን ሦስት ቀን አትጠይቁኝ! ማለት፣ ጠይቁኝ። አባዬ ሥራ ቀርቶ ቤቱን ለካ። በር፣ መስኮት፣ ደረጃ፣ የደረጃው ጠርዝ የተሸረፈበት ቦታ ሳይቀር። እማዬ የሜትሩን ጫፍ ትይዛለች።

"አጥብቀሽ ያዢ! አትተንፍሺ!"

"ቤት ነው የምትለካው ወይስ ልቤን?"

ግድግዳው ከኮምፔንሳቶ ተቆረጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተሞረደ፣ በኮላ ተጣበቀ። የውሃ ታንከራችን የጥርስ ሳሙና ክዳን ሆነ። ለቆርቆሮው የቸኮሌት ወረቀት ስላስፈለገ ቸኮሌቱን በላሁ፣ ለቤተሰቤ ስል። በክር የልብስ ማስጫ ዘርግቼ ቀይ ቀሚሴን ከቁራጭ ጨርቅ በትንሹ ሠርቼ ሰቀልኩ፤ አባዬ እሱንም ለካው!

"በል እንግዲህ ይቺን እንኳን ቀለም ቀባልኝ" አለች እማዬ። "ትልቋን አራት ዓመት ለምኜህ አልሆነም።"

"ቤታችን ቀለም አላት እንዴ? ልክ እንደሆነችው ነው መሆን ያለባት።"

እሱ ክሬኑን ሊያይ ሲወጣ እማዬ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ገባኝ። የኔን ቢጫ የጥፍር ቀለም አመጣሁላት። አንድ ብልቃጥ ሙሉ ጨረሰችው! አባዬ ወርዶ ቢጫዋን ቤት አያት፣ እማዬን አያት፣ እኔን አየኝ፣ ጥፍሬን አየ።

"ደርቋል?" አለ።

"ደርቋል" አልነው።

ዓርብ ቤታችንን የጫማ ካርቶን ውስጥ አድርገን ሄድን። አባዬ እንደ እንቁላል ነው የያዛት። ሰዉ "ውይ ስታምር!" እያለ ከበበን። አርክቴክቷ ዛፉን ነቀለች። ሞዴሉ ላይ ቦታዎቹ በማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ልክ በስስ የላስቲክ አጥር ተከፍለዋል። ቤታችንን አንስታ ቦታዋ ላይ አስቀመጠቻት...

አልገባችም።

በመንገድ በኩል ልክ ናት፣ በጓሮ በኩል ልክ ናት፣ በእትዬ ሜትር በኩል ግን በረንዳው አጥሩ ላይ ወጣ። ቤታችን አንድ እግሩን እንዳነሳ ውሻ ቆመች፣ እትዬ ሜትር አጥር ላይ!

እትዬ ሜትር ቀስ ብለው ሜትሩን ካንገታቸው አወረዱ። ጎንበስ አሉ። ለኩ።

"አራት ሚሊ" አሉ። "በመቶ ሲባዛ አርባ ሳንቲ ሜትር።"

አርክቴክቷ ምስኪን ምንም አታውቅም፤ መቁረጫዋን አውጥታ "ቆርጠው ሲያጣብቁ ትንሽ ስተው ይሆናል ጋሼ። በረንዳውን አራት ሚሊ ልሸርፈው?" አለችው።

በሆዴ "እሺ በላት! እሺ በላትና እንሂድ!" እላለሁ። አንድ ቃል ነው እኮ! ቤታችን ትቆማለች፣ የዘጠኝ ዓመቱም ክርክር ለሱ ይሆናል። አባዬ ቀላ፣ ጠቆረ፣ እጁን አገላብጦ አየ። ከዚያ ደግሞ በመቁረጫው የተነካውን በረንዳ አየና መቻል አቃተው።

"የኔ እጅ አራት ሚሊ አትስትም" አለ።

"ታዲያ ስህተቱ የት ነው ጋሼ?"

"እሱ... ሠፈር ነው ያለው።"

"ጮክ በል!" አሉ እትዬ ሜትር።

"አርባ ሳንቲ ሜትር ገብቻለሁ አልኩ!"

እትዬ ሜትር ወንበር ላይ ዘጭ ብለው በሜትራቸው ጫፍ ራሳቸውን አራገቡ። "ዘጠኝ ዓመት!" አሉ ለሰዉ ሁሉ። "ሰምታችኋል? ያልሰማ አለ?" ማንም ያልሰማ የለም፤ እሳቸው ግን ሁለቴ አስደገሙት።

አርክቴክቷ ግራ ገብቷት "እንግዲህ አጥሩን ላዞረው የምችለው ጎረቤት ከፈቀደ ነው" አለች። የስፖንጁን ዛፍ አሁንም በእጇ ይዛለች። አባዬ ዛፉን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። እማዬ እጄን ጨብጣ አደነዘዘችኝ።

እትዬ ሜትር ተነሱ፣ ዞረው ቤታችንን አዩ፣ ማስጫው ላይ የተሰቀለውን ቀሚሴን በጣታቸው ነኩ። "ይሄንን እኔ ነኝ የሰፋሁልሽ አይደል?" አሉኝ።

"እርስዎ ነዎት እትዬ!" አልኩ።

"ፀሐይ ሲከር ክር የማስገባው እዚያ በረንዳ ጥላ ሥር ነው" አሉ። "ገብቷል አልኩ እንጂ ይውጣ አልኩ? አዙሪው ልጄ። አንተ ደግሞ አናጺ፣ ጥላው የኔ ነው፣ ገባህ? ቀይ መኪናዬም ንቅንቅ እንዳትል!"

አጥሩ ሆዱን አወጣ፣ ቤታችን ገባች። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ አለቀስኩ፣ እየሳቅኩ።

ከዚያ የአስተያየት ወረቀቱ መጣ፤ ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፣ "እደግፋለሁ" እና "እቃወማለሁ"። አባዬ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ፣ ማስመሪያ አስመጥቶ፣ ሦስተኛ ሳጥን ሠራ። ጎኑ ላይ "እየተቃወምኩ አያለሁ" ብሎ ጻፈና ራይት አደረገበት። አራቱ ገጽ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

አለቀ ስንል አላለቀም! አዳራሹ ውስጥ ሞዴሉን ያየ ሰው ሁሉ "ቢጫዋ ቤት የታለች?" እያለ ሠፈራችን መምጣት ጀመረ። ራቁቷን የቆመች ቤታችንን አልፈው ሲሄዱ እማዬ በር ላይ ቆማ አባዬን ብቻ ታየዋለች። እጁን ለመስጠት ሦስት ቀን አልፈጀበትም።

ዛሬ አባዬ መሰላል ላይ ነው። እማዬ ቀለሙን ልክ እንደ ጥፍር ቀለሜ ነው ያስቀላቀለችው! እኔ መሰላሉን ይዣለሁ፣ እትዬ ሜትር በረንዳው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ክር እያስገቡ "ግራው ላይ ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል!" ይላሉ። ጠብ! ቢጫ ቀለም ፀጉሬ ላይ። ቀና ስል አባዬ ብሩሹን እያንጠባጠበ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ክሬኑን እያየ ነው።

"የማይረቡ" አለ፣ ፊቱ በርቶ። "አስራ አንደኛውን ጀመሩ።"