አራት አስኳል

ሜትሮ ነው የሚሉት። ልብስ ሰፊ ነው፤ የልኬት ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ ሚስቱን የቀበረ ዕለት እንኳ ሳያወልቀው ነው የዋለው። ሚስቱ ከሞተች፣ ልጁም ተድራ ሩቅ ከሄደች ወዲህ በዚህች ምድር ላይ የቀረው አንድ ሰው ነበር፤ የሱቅ ጎረቤቱ ሰዓት ሠሪው። እሱንም በገዛ አፉ አጣው።

ሁለቱ ሰዎች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ጥጉ ላይ ያለችው ቁርስ ቤት ገብተው ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። አራት እንቁላል፣ ሳይበጠበጥ የተጠበሰ። ሰዓት ሠሪው አስኳል ገና ሲያየው ያቅለሸልሸዋል። ሜትሮ ደግሞ ለአስኳል ነፍሱን ይሰጣል። ስለዚህ አንዱ ነጩን ዙሪያውን ቆርጦ ይበላና አስኳሉን በሹካ ወደ ጓደኛው ገፋ ያደርግለታል፤ ሌላው በዳቦ ጠርጎ ይውጠዋል። ተስማምቶ መኖር ማለት እንግዲህ ይኼ ነው!

ከስምንት ወር በፊት ሜትሮ ደሙን ተመረመረና «ኮሌስትሮልዎ ከፍ ብሏል» ተባለ። ሚስቱን የወሰዳት የልብ ሕመም ነውና ክው አለ። ሐኪሟ ገና ልታስረዳው አፏን ስትከፍት እሱ በሩን ከፍቶ ወጥቷል። እንዲህ ነው፣ ችኩል ሰው! በማግስቱ ሰዓት ሠሪው እንደ ልማዱ አስኳሎቹን ሲገፋለት፣ ሜትሮ ሳህኑን መልሶ ገፋው።

«ሃያ ሁለት ዓመት መርዙን እየመረጥክ ስታበላኝ ኖረሃል ለካ!» አለ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ። «እኔን የምትገድለኝ አንተ ነህ!»

ሜትሮ ወጥቶ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ።

ከዚያ በኋላማ ምን ኑሮ አለ! ቅቅል ጎመኑን ስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ብቻውን ያላምጣል። የሚያወራው ሰው ሲያጣ ከሱሪዎቹ ጋር ማውራት ጀመረ፤ «አንተ ደግሞ ወገብህ አይሞላ!» እያለ ይቆጣቸዋል። የሁለቱን ሱቆች የሚለየው ግድግዳ ስስ ነው። ከማዶ ሰዓቶቹ ሲደውሉ ይሰማል፤ ሰውየው ሲያስነጥስ ይሰማል። «ይማርህ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ይደርስና ይውጠዋል። እልኸኛ ነዋ! «ቁጥሩ ይውረድልኝ እንጂ፣ ያን ጊዜ ማን ልክ እንደነበር ያያል» ይላል። ሌላ የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም።

ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ስምንት ወር እኮ ነው ጎመን የጋጥኩት!» አለ ሐኪሟ ፊት።

«አባቴ፣ ዛሬ እንኳ ቁጭ ብለው ይስሙኝ» አለችው። «ኮሌስትሮሉን በብዛት የሚሠራው የራስዎ ጉበት ነው። ከምግብ ሲገባለት የራሱን ሥራ ቀነስ ያደርጋል፤ ሲቀርበት ደግሞ ጨምሮ ይሠራና ያካክሰዋል። የእርስዎ በተፈጥሮው ማብዛት ይወዳል፤ እሱን የሚያስታግስ መድኃኒት አዝዝልዎታለሁ። ቅቤና ጮማ ይቀንሱ። እንቁላል ግን በልኩ ቢበሉ፣ በቀን አንድ፣ ምንም አይልም።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«መቼ ቆመው ሰሙኝ?»

መንገዱን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ጉበት እንኳ ሲጎድልበት ሠርቶ ይሞላል፤ እሱ በጎደለው ሰው ቦታ ስምንት ወር ሙሉ ምንም መተካት አልቻለም። የሚያስፈራው ደግሞ ያ ሰው ዳግመኛ ላያየው ይችላል የሚለው ሐሳብ ነው። ቢያዞርበትስ ፊቱን? ምን ይለዋል?

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ቤቷ በር ላይ ቆመ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ አየችው።

«ጋሼ! ምነው እንዲህ ይጠፋሉ?» ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጓደኛዎ አሁንም በየቀኑ አራት ነው የሚያዙት። ሁለት ይብቃዎት ስላቸው ይቆጡኛል። አስኳሉን ለድመት የምጥለው እኔ ነኝ።»

ሜትሮ ወደ ውስጥ አየ። ሰዓት ሠሪው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። ነጩ ተበልቷል፤ አራቱ አስኳሎች በሳህኑ ማዶ በኩል፣ ባዶው ወንበር ፊት ተደርድረዋል። ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሌሊቱን ሲያሰላስለው ያደረው የይቅርታ ቃል ሁሉ ከጭንቅላቱ ብን ብሎ ጠፋ።

«ቀዝቅዟል» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ቀና ሳይል።

«ግድ የለም።» ሜትሮ በዳቦ አንዱን ጠርጎ ዋጠ። «አንድ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ። መርዝ... መርዝ አይደለም አሉኝ። አጥፍቻለሁ፣ ወንድሜ።»

ሰዓት ሠሪው የቀሩትን ሦስት አስኳሎች አያቸው። ከዚያ ሹካውን ሰደደና አንዱን አንስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን እንዳጨማደደ ዋጠው። ውሃ ጠጣበት።

«ያን ዕለት ይኼን ማድረግ ነበረብኝ» አለ። «መርዝም ቢሆን ብቻህን አትበላም ነበር።»