ከሽንፋ የወጣው አምስተኛው መኪና

ፈረደ ዘጠኝ ዓመት የገለጉ ጤና ጣቢያን አምቡላንስ ነድቷል። ከገለጉ ሽንፋ፣ ከሽንፋ ገንዳ ውሃ ባለው መንገድ የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፣ የትኛው ጉድጓድ ምጥ የያዛትን ሴት እንደሚያስጮህ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እመኪናው ውስጥ ስንት ልጅ እንደተወለደ እሱ አልቆጠረም፤ አብራው ትሠራ የነበረችው አዋላጅ ሩፊዳ ግን አሥራ ሰባት ናቸው ትላለች።

ከዚያ አገሩ ታመሰ። አንድ ቀን ጠዋት የታጠቁ ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያው ግቢ ገብተው ቁልፉን ጠየቁት፤ ሰጣቸው። አምቡላንሱ በዚያው ቀረ። ሩፊዳ ወደ ገንዳ ውሃ ተዛወረች። ፈረደ የሚነዳው ሳይኖረው በየጠዋቱ እየሄደ ይፈርምና ከዛፍ ጥላ ሥር ይውላል። አንድ ዓመት እንዲህ ከርሞ፣ በአርባ ሦስት ዓመቱ ጎንደር ወጥቶ የከባድ ጭነት መንጃ ፈቃድ አወጣ። ሚስቱ ኪዳን አልወደደችለትም። በዚያ መንገድ ላይ ሹፌር እየታገተ ጫካ እንደሚገባ ሕፃኑም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ሌላ ሥራ ከወዴት ይምጣ? እሷም ይህን ስለምታውቅ አጥብቃ አልከለከለችውም።

የቀጠሩት ሐጂ ኸሊል የሚባሉ የመተማ ዮሐንስ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ሱዳን ጦርነት ከገባች ወዲህ ድንበር ማዶ የገላባት ንግዳቸው ስለቀዘቀዘ፣ ሰሊጡን በሙሉ ወደ ናዝሬት ነው የሚልኩት። ፈረደን ሱቃቸው አስቀምጠው ስለ ቤተሰቡ ጠየቁት፤ ዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው ሳይገጭ መንዳቱን ሰምተው ደስ አላቸው። ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ግን አንድ ነገር አስጠነቀቁት።

«መንገድ ላይ ለማንም አትቆምም» አሉት። «የወለደችህ እናትህ ብትሆን እንኳ። ከሚታጀቡት መኪኖች ከተነጠልክ የኔ ሰሊጥ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ አንተም ትሄዳለህ።»

ምክንያቱን የነገሩት ሐጂ አይደሉም፤ መንገዱን ያስተማሩት ነባር ሹፌራቸው ጋሽ ጀይሉ ናቸው። ዓምና ከሽንፋ ሲመጡ በሽተኛ በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች አግኝተው ቆመው ነበር። በሽተኛውን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ብርድ ልብሱን ገልጦ መሣሪያ ይዞ ተነሣ። ሃያ ሦስት ቀን በረሃ ውስጥ አከረሟቸው። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጃቸው ማርሽ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ፈረደ ይህን እያየ ነው ትልቁን መኪና የለመደው፤ ተሳቢውን ይዞ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ቁልቁለት ላይ በፍሬን ሳይሆን በማርሽ እንዴት እንደሚወረድ፣ የኋላው ጭነት ሲጎትት ወገብ እንዴት ቀድሞ እንደሚሰማው።

የመጀመሪያ ጉዞው ኅዳር ላይ ነበር። ሰሊጡን ሽንፋ ጭነው አሥራ ሁለት መኪና ሆኑ፤ ከፊትና ከኋላ የታጠቀ አጃቢ አለ። ጋሽ ጀይሉ አራተኛ፣ ፈረደ አምስተኛ ሆነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጡ። ግራና ቀኙ ያልታጨደ ማሽላ ነው። የፊተኛው መኪና አቧራ ፀሐይዋን ጋርዷታል። መሪው እንደፈራው አልከበደውም። እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር፤ ከዓመት በኋላ እግሩ ነዳጅ መርገጡ፣ መንገዱም ያው የሚያውቀው መንገድ መሆኑ።

መንገዱ እንደተጋመሰ ጋሽ ጀይሉ ድንገት ፍጥነት ጨመሩ። ፈረደ ለምን እንደሆነ የገባው አቧራው ትንሽ ገለጥ ሲል ነው። ከመንገዱ ዳር አራት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ቆመዋል፤ አንዲት አሮጊት ጃንጥላ ይዘዋል። ከፊት የተሸከመው ሰው አንድ እጁን አንሥቶ ያወዛውዛል።

የፈረደ እግር ከነዳጁ ላይ ተነሣ። ሳያስበው ነው፤ ዘጠኝ ዓመት አምቡላንስ የነዳ እግር ነው። ከኋላው ያለው መኪና ጥሩምባውን ለቀቀበት። በዚያች ቅጽበት ከቃሬዛው ጠርዝ ላይ አንድ እጅ አየ፤ የሴት እጅ፣ እንጨቱን ጭምድድ አድርጎ የያዘ። እንዲህ የሚይዝ እጅ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ አይቷል። ወዲያው ግን የጋሽ ጀይሉ ቀኝ እጅ ትዝ አለው። ነዳጁን ረገጠና አለፈ። በመስታወት ሲመለከት ከአቧራ በቀር የሚታይ አልነበረም።

ገንዳ ውሃ ደርሰው መኪኖቹ ለፍተሻ ሲሰለፉ ወርዶ ወደ ጋሽ ጀይሉ ሄደ። ሽማግሌው ከመኪናቸው አልወረዱም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሰሙት።

«ምጥ ላይ ናት ጋሽ ጀይሉ። እጇን አይቻለሁ።»

«እኔም ዓምና የበሽተኛ እግር አይቼ ነበር» አሉት። «እብጠት ያለበት እግር። የውነት እብጠት ነበር።»

 ፈረደ ሩፊዳ ጋ ደወለ። የገንዳ ውሃው አምቡላንስ ሌላ ወላድ ይዞ ጎንደር ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆኖታል፣ ከማታ በፊት አይመለስም አለችው። ባጃጆቹን ጠየቀ፤ ወደዚያ መንገድ የሚወጣ አልተገኘም። አጃቢዎቹም እጀባውን ጥለው መመለስ እንደማይችሉ ነገሩት። ተመልሶ መጥቶ ተሳቢውን መፍታት ጀመረ።

ጋሽ ጀይሉ ከመኪናቸው ወረዱ። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገው የማያያዣውን ፒን አብረውት ነቀሉ።

«አብሬህ አልሄድም» አሉት፣ ቀና ብለው ሳያዩት። «አልችልም። ለሐጂ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ያለ ተሳቢ መኪናው ቀለል ብሎት ነበር፤ መንገዱ ግን ያኔ ብቻውን ሲሆን ነው የከበደው። ከማሽላው ውስጥ ወፍ በተነሣ ቁጥር ልቡ ይደነግጣል። ኪዳንን አሰበ፤ ልጆቹን አሰበ። ሁለት ጊዜ መመለሻ ቦታ ሲያገኝ እጁ መሪውን ሊጠመዝዝ ቃጥቶት ነበር።

ሰዎቹን ያገኛቸው ቅድም ከነበሩበት ብዙም ሳይርቁ፣ ቃሬዛውን ከኩርኩራ ዛፍ ሥር አሳርፈው ነው። ብቻውን የመጣ መኪና ሲያዩ እነሱም ፈሩ። ከፊት ተሸክሞ የነበረው ሰው ሽመሉን ይዞ ወደ መንገዱ ወጣና፣ ምን ፈልገህ ነው አለው። ፈረደ ሁለት እጁን እያሳየ ወረደ፤ የገለጉ አምቡላንስ ሹፌር እንደነበረ ነገራቸው። አሮጊቷ አወቁት። የጎረቤታቸውን ልጅ አድርሶ ነበርና፣ እሱ ነው፣ ፈረደ ነው ብለው ሰዎቹን አረጋጓቸው።

ወላዷ አየሁሽ ትባላለች፤ ሽመል የያዘው ባሏ ባየልኝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አምጣ፣ ንጋት ላይ ነው ከቤት ይዘዋት የወጡት። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ካለው መኝታ ላይ አወጧት። ባየልኝና አሮጊቷ ከፊት ገቡ፤ ሌሎቹ በእግር እንከተላለን አሉ። ፈረደ የሚያውቀውን ጉድጓድ ሁሉ እያስታወሰ፣ በሜዳው እየፈጠነ፣ በጉድጓዱ እያዘገመ ነዳ። አየሁሽ አልጮኸችም። ይህን አልወደደውም። ባየልኝ በመንገዱ ሁሉ ዘወር እያለ ያያታል።

ገንዳ ውሃ ሲደርሱ ሩፊዳ ከሕክምና ቤቱ በር ላይ ቃሬዛ ይዛ ትጠብቃቸው ነበር። አየሁሽን ይዘው ገቡ። ፈረደና ባየልኝ ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እጀባው ወደ አይከል መንቀሳቀሱን ፈረደ ከጥሩምባው አወቀ፤ ተነሥቶ ግን አላየም።

ከቀትር በኋላ ሩፊዳ ወጣች። እናቲቱ ተርፋለች፤ ልጁ ግን ሞቶ ነው የተወለደው። ወንድ ነበር። ባየልኝ ተነሥቶ ሰማትና፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ኋላ ወደ ፈረደ ዞረ። መጀመሪያ እንደ ወጉ አመሰገነው፤ አንተ ባትመለስ እሷንም ዛሬ እቀብራት ነበር አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቀዝቀዝ ብሎ ያለፈን አምስተኛው መኪና አንተ ነህ።»

«አዎ» አለ ፈረደ።

«ስታልፈን ይላወስ ነበር» አለ ባየልኝ። «እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አድርጋ፣ አለ፣ ይኸው አለ ስትለኝ ነው እናንተ የመጣችሁ። ከዚያ በኋላ ነው የተወው።»

ሊከሰው ብሎ አልነበረም የነገረው። የሆነውን አንድ ሌላ ሰው እንዲያውቅለት ብቻ የፈለገ ይመስል ነበር። ቢቆጣው ለፈረደ ይቀለው ነበር።

ሩፊዳን ለብቻዋ አግኝቶ፣ ያኔውኑ ይዣት መጥቼ ቢሆን ልጁ ይተርፍ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ዋሽታው አታውቅም። ዓይኑን ላለማየት ጓንቷን እያወለቀች፣ «እንጃ። ሊተርፍ ይችል ነበር። ላይተርፍም ይችላል» አለችው።

ሐጂ ኸሊል አሥር ሰዓት ገደማ ከመተማ ዮሐንስ መጡ። ጀለቢያቸው በአቧራ ተለውሷል። ሰሊጡን ዞረው አዩ፤ የተፈታውን ተሳቢ አዩ። ፈረደ ሁሉንም ከነማለፉ ነገራቸው፤ ቁልፉንም አውጥቶ ዘረጋላቸው። ሐጂ አልተቀበሉትም። አላህ ለወላጆቹ መጽናናትን ይስጥ አሉ። ቀጥለው ግን፣ ያልኩህን አልቀየርኩም፣ ዛሬ ያተረፈህ ዕድል ነው፣ ዕድል ደግሞ ሁለቴ አይመጣም አሉት። ቀጣዩ እጀባ ከነገ ወዲያ እንደሚወጣ፣ ተሳቢውን አስሮ እንዲጠብቅ ነግረውት ሄዱ።

በማግሥቱ ፈረደ አየሁሽን ሊጠይቅ ገባ። ባየልኝ ልጁን ሊቀብር ሄዷል። አሮጊቷ ወንበር ለቀቁለት። አየሁሽ ፊቷ ገርጥቷል፤ ስታየው ልትቀመጥ ሞከረች። እግዜር ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ እያለች ትመርቀው ጀመር። ያኔ ባየልኝ እንዳልነገራት ገባው። ዝም ብሎ ምርቃቱን ተቀብሎ መውጣት ይችል ነበር። አልሆነለትም።

«መጀመሪያ ስናልፍ አይቼሻለሁ» አላት። «አይቼሽ ነው ያለፍኩት።»

አየሁሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሮጊቷ ጉልበታቸውን እያሹ መሬት መሬቱን አዩ። ፈረደ ልውጣ አልውጣ እያለ ቆሞ ሳለ ሳትዞር ጠየቀችው።

«ፈርተህ ነው?»

«አዎ። ፈርቼ ነው።»



«እኛም ሌሊት ያልወጣነው ፈርተን ነው» አለች። «ሲነጋ ይሻላል ብለን።»

 እጇ ከአንሶላው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ያያት ጊዜ እንጨቱን የያዘው ያው እጅ። ፈረደ እግዜር ይማርሽ ብሎ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ተሳቢውን አስሮ በአዲሱ እጀባ መካከል ከገንዳ ውሃ ተነሣ። በነጋዴ ባሕር ከተማ አልፎ የአይከልን ዳገት ሲያያዘው ሞተሩ እያጓራ፣ ጭነቱ ወደ ኋላ እየጎተተው፣ ማርሹን አንድ በአንድ እየቀነሰ ወጣ። አየሩ ቀዘቀዘ። ከመንገዱ ዳር ሰው ባየ ቁጥር እግሩ ከነዳጁ ላይ ይነሣል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ናቸው፣ ገበያተኞች ናቸው፤ መልሶ ይረግጣል። ከኋላው ያለው ሹፌር ተሰላችቶ ጥሩምባ ነፋበት።

አዘዞ ለምሳ ሲቆሙ ኪዳን ደወለች። የሰማችው ነገር የለም። አዲሱ ሥራ እንዴት ነው አለችው። መኪናው ጥሩ ነው፣ ገና ሁለት ቀን መንገድ ይቀረኛል አላት። ድምፅህ ምን ሆኗል ብትለው አቧራ ነው ብሎ ስልኩን ዘጋው። ምሳውን ግን ሳይበላ ተነሣ።